ደላላው እጅ የገባው የሴኡል ፎቶዬ

መካነ ሰላም ውስጥ እኔን የሚያውቅ ሰው ሁሉ ኮሪያ መሄዴን ያውቃል። ዐረብ አገር ምን ቤት እንደገባሁ፣ ወገቤን ምን አግኝቶት እንደተመለስኩ የሚጠይቀኝ የለም። «ኮሪያን ያየሽው አንቺ ነሽ አሉ» ይሉኛል፤ መናኸሪያ፣ ወፍጮ ቤት፣ ለቅሶ ላይ ሳይቀር። አዎ፣ አይቻለሁ። አንድ ቀን። ያን ቀን እንዴት እንደዋልኩት፣ ከዚያም ፎቶዬ ሰው እጅ ገብቶ ምን እንደተሠራበት እኔው ራሴ ልናገር፤ ዝም ባልኩ ቁጥር ሌላ ሰው በእኔ ፈንታ ሲናገር ኖሯልና።

ወደ ዐረብ አገር የላከኝ ደላላ የአባቴን የአጎት ልጅ ያገባ ሰው ነው። ዋናው መንገድ ላይ የልብስ ሱቅ አለው። ልብሱ ለይምሰል ነው፤ ከወግዲም ከከላላም የሚመጡ እናቶች ልጆቻቸውን አስከትለው ወደዚያ ሱቅ የሚገቡት ሻርፕ ሊገዙ አይደለም። እኔም አሥረኛ ክፍል ወድቄ ቤት በተቀመጥኩበት ዓመት ከአባቴ ጋር ገባሁ። ፓስፖርቴ ላይ የሙስሊም ስም አስጻፈልኝ፤ ዕድሜዬም ላይ ጨመረበት። የእናቴ ወገኖች ሙስሊሞች ስለሆኑ ስሙ አልከበደኝም። የከበደኝ ሲቀይረኝ አንድ ጊዜ እንኳ አለመጠየቁ ነው።

የገባሁበት ቤት እመቤት፣ እኛ ማዳም ነው የምንላት፣ ሁለት የደረሱ ሴቶች ልጆችና ገና የሚታቀፍ አንድ ወንድ ልጅ ነበራት። ሴቶቹ በኮሪያ ያበዱ ነበሩ። የመኝታ ቤታቸው ግድግዳ ፀጉራቸውን ቀለም በነከሩ ዘፋኞች ፎቶ ተሸፍኗል። ከሰዓት ከሰዓት ከሥሩ የዐረብኛ ጽሑፍ ያለው የኮሪያ ተከታታይ ፊልም ይከፍታሉ፤ እኔ ከሶፋው ጀርባ ቆሜ ልብስ እየተኮስኩ አያለሁ። አንዱ የዘመኑ ከተማ ነው፣ አንዱ የነገሥታት ታሪክ። ውስጡ ምግብ በትሪ ተሸክማ፣ አንገቷን ደፍታ፣ ከንግሥቲቱ ኋላ ኋላ የምትሄድ የቤተ መንግሥት ገረድ አለች። ሴቶቹ በሷ ስም ይጠሩኝ ጀመር። «እስቲ እንደሷ አጎንብሺ» ይሉኛል። አጎነብሳለሁ፤ ይስቃሉ። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ሌላ ምን አደርጋለሁ?

አንድ ቀን ማዳም «ለዕረፍት ኮሪያ እንሄዳለን፤ አንቺንም እንወስድሻለን፤ ዕድለኛ ነሽ» አለችኝ። ዕድሌ ምን እንደሆነ እዚያ ስደርስ ገባኝ። እነሱ ያያሉ፣ እኔ እሸከማለሁ። እነሱ ሱቅ ሲገቡ ልጁን በጋሪ ይዤ በር ላይ እቆማለሁ። ፎቶ ሲነሡ እኔ አነሣቸዋለሁ። የአሳማ ሥጋ ፈርተው ከአንድ የዐረብ ምግብ ቤት በቀር አይበሉም ነበርና የተረፈውን በላስቲክ ቋጥረው ሆቴል ያመጡልኛል፤ ቀዝቅዞ እበላዋለሁ። የምተኛው በሴቶቹ ሁለት አልጋዎች መካከል፣ ወለል ላይ ነው። ከመሄዳችን በፊት ለጎረቤት ሁሉ በስልክ «ሠራተኛችንንም ይዘናት ነው የምንሄደው» ስትል የነበረችው ማዳም ናት። ሰዎቹም ደግነቷን አመስግነዋል።

ልንመለስ ስንል ቤተሰቡ በሙሉ ትልቅ የመዝናኛ ፓርክ ሊውል ሆነ። ትኬት ሲቆረጥ ለእኔ አልተቆረጠም። ልጁን ባልየው ሊይዘው ነው። ማዳም የክፍሉን መክፈቻ ካርድ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። «አንቺ ልብሱን አጣጥፈሽ ሻንጣ ውስጥ ክተቺ፤ ከዚያ ተኚ» አለችኝ። ለእሷ ደግነት ነው።

ልብሱን አጣጥፌ ጨረስኩ። መስኮቱ አጠገብ ቆምኩ። ታች ሰው እንደ ልቡ ይሄዳል፤ ቡና በወረቀት ኩባያ ይዞ፣ ከጓደኛው ጋር እያወራ። ያ ሁሉ ዓመት በየቀኑ በፊልም ያየሁት መንገድ እዚያው ነው፣ እኔ ደግሞ የሰው ፒጃማ ሳጥፍ አረፈድኩ። ደረቴ ላይ አንድ ነገር ተነሣ። ፍርሃት መስሎኝ ነበር፤ ንዴት ነው። አባያዬን ለብሼ ወጣሁ። በሩ ከኋላዬ ጠቅ ብሎ ሲዘጋ፣ እነሱ እስኪመጡ ድረስ መግቢያ እንደሌለኝ አወቅሁ። ፓስፖርቴም ማዳም ቦርሳ ውስጥ ነው። ከእንግዳ መቀበያው የሆቴሉ አድራሻ ያለበትን ካርድ አንሥቼ ያዝኩ። የማዳም እናት ለዒድ እጄ ላይ ያስጨበጡኝን ገንዘብ ኤርፖርት ውስጥ ቀይሬው ነበር፤ እሱን በጡት መያዣዬ ይዤ ነው የወጣሁት።

ብርድ ነው። የመካነ ሰላም ብርድ ያሳደገኝ ነኝና ብርዱ ምንም አላለኝም። የምድር ውስጥ ባቡር ገባሁ፤ ሴቶቹ ሲገቡ እያየሁ ተምሬዋለሁ። ባቡሩ ውስጥ ቴሌቪዥን አለ። ማስታወቂያው ተለወጠና አንድ ሕፃን ታየ። ዓይኑ ላይ ዝንብ ሰፍሯል። ከኋላው ያለው ጎጆ የእኛ ጎጆ ነው፤ አጠገቡ የተቀመጠችው እናት ነጠላ አጣፍታለች። ጽሑፉን ማንበብ አልችልም፤ ከሥሩ የስልክ ቁጥር ተጽፏል። አጠገቤ የተቀመጡ ሴትዮ ማስታወቂያውን አዩ፣ ከዚያ ፊቴን አዩ፣ እንደገና ማስታወቂያውን አዩ። ቦርሳቸውን ከፍተው በላስቲክ የተጠቀለለ ዳቦ አውጥተው በሁለት እጃቸው ዘረጉልኝ።

ከፊልሙ የለመድኩትን «አይ» የሚለውን ቃላቸውን ተናገርኩ። ሴትዮዋ ደንግጠው አጎነበሱ። ክፋት አልነበረባቸውም፤ ክፋት ቢኖርባቸው ይቀለኝ ነበር። የራበኝ መስሏቸው ነው። እኔ ደግሞ የወጣሁት በገዛ ገንዘቤ በልቼ ልመለስ ነበር። በሚቀጥለው ጣቢያ ወረድኩ፤ የት እንደሆነ እንኳ አላውቅም።

የወረድኩበት መንገድ ግራና ቀኙ ምግብ ቤት ነው። አንደኛው ቤት ሰዎች ጠረጴዛቸው ላይ ባለ ምድጃ የበሬ ሥጋ እየጠበሱ በቅጠል ይጠቀልላሉ። ሽታው ጠራኝና ገባሁ። አስተናጋጇ ሁለት ጣት አሳየችኝ። እኔ አንድ ጣት አሳየኋት። ራሷን ነቅንቃ እንደገና ሁለት አሳየችኝ። ሁለት ሰዓት ላይ ተመለሺ ያለችኝ መስሎኝ ነበር። ሁለት ባዶ ወንበሮች አሳይታ፣ እኔን አሳይታ፣ እጇን ስታጣምር ነው የገባኝ፤ ለብቻው ለመጣ ሰው አይሸጡም። በሩን ከፈተችልኝ። ሥርዓታቸው ነው ይባላል፤ ምግቡ የሚቀርበው ለሁለት ሰው ነው አሉ። ይሁን። እኛ አገር ብቻውን የመጣ እንግዳ ቢገባ ባለቤቱ ራሱ አጠገቡ ተቀምጦ ያበላዋል እንጂ ጓደኛህን ጥራ አይለውም። እኔ ማንን ልጥራ? ማዳምን?

ከዚያ ወጥቼ ጋሪ ላይ የሚሸጥ ቀይ ነገር ገዛሁ። እንደ ቀይ ወጥ ይንተከተካል፤ ውስጡ ጣት ጣት የሚያህል ነጭ ከሩዝ የተሠራ ሊጥ አለ። ቶክቦኪ ይሉታል፤ በፊልም ውስጥ ያሉ ሴቶች ሲያለቅሱ የሚበሉት ነው። በርበሬያችን መስሎኝ አፌን ሞልቼ ጎረስኩ። ያቃጥላል፣ ግን ጣፋጭ ነው። ስኳር ጨምረውበታል። ወጥ ውስጥ ስኳር። ያን ያህል ዓመት ሶፋ ጀርባ ቆሜ የተመኘሁት ምግብ ይኸው ነው ብዬ በቁሜ ተናደድኩ። ግን ጨረስኩት፤ መረቁንም ጠጣሁት።

የጠገብኩት ገበያ ውስጥ ነው። ጣራ ያለው ረጅም ገበያ ነው፤ እናቶች በመደዳ ተቀምጠው ያበስላሉ። አንዲት ሸበቶ እናት ሊጥ ዳምጠው በቢላ እየቆረጡ ፈላ ውኃ ውስጥ ይጥላሉ። ፊታቸው ቆሜ አንድ ጣት አሳየሁ፤ እንደገና ሊያባርሩኝ ነው ብዬ። እሳቸው አግዳሚ ወንበሩን በእጃቸው መታ መታ አደረጉልኝ። ተቀመጥኩ። ወንበሩ ከሥሩ ይሞቃል። ያን ረጅም ፓስታ የመሰለ ነገር ከነመረቁ በትልቅ ሳህን፣ ከጎኑ ኪምቺ የሚሉትን በሚጥሚጣ የኮመጠጠ ጎመን አደረጉልኝ። በሁለቱ ቀጫጭን የመብያ እንጨቶች መብላት ሲያቅተኝ ሹካ ፈልገው ሰጡኝ። ሳህኑ ሲጎድል መረቅ ጨመሩልኝ። አንድ ቃል አልተነጋገርንም።

ትኩስ ነበር። እዚያ ተቀምጬ፣ ትኩስ ምግብ ቁጭ ብዬ ለመጨረሻ ጊዜ የበላሁት መቼ ነው ብዬ አሰብኩ። ከአባቴ ቤት ከወጣሁ ወዲህ ትዝ አላለኝም። በዚያ ቤት የምበላው ቆሜ ነው፣ ወይም እነሱ ከተኙ በኋላ፣ ወይም የተረፈውን። ያን ሳስብ ንዴቱ እንደገና መጣ፣ በእንባ ተቀላቅሎ። እናትየዋ ኪምቺው ያቃጠለኝ መስሏቸው ውኃ ቀዱልኝ።

ጠግቤ ስወጣ ከተማውን በሌላ ዓይን አየሁት። አንድ አደባባይ ላይ ወጣቶች ክብ ሠርተው በድምፅ ማጉያ ሙዚቃ ይጨፍራሉ፤ እነዚያ ግድግዳው ላይ ያሉ ዘፋኞች የሚጨፍሩትን ነው። እግራቸው በአንድ ጊዜ ይነሣል፣ በአንድ ጊዜ ይወድቃል። ላባቸው እስኪወርድ ቆሜ አየሁ፤ «ልጁ አለቀሰ፣ ነይ» የሚለኝ ሰው አልነበረም። ቀጥሎ የዘፋኞች ፎቶ፣ ካልሲ፣ ኩባያ ብቻ የሚሸጥ ሱቅ ገባሁ። የንጉሡን ገጸ ባሕርይ የሚሠራው ተዋናይ በካርቶን በቁመቱ ተሠርቶ በር ላይ ቆሟል፤ ሴቶች ልጆች እያቀፉት ፎቶ ይነሣሉ። ጎኑ ካለው የቅባት ሱቅ አንዲት ሻጭ ሮጣ መጥታ እጄን ያዘችና ነጭ ቅባት ቀባችኝ። አሸችው፣ አሸችው፤ ከዚያ የጠቆረችና የነጣች ሴት ፎቶ ጎን ለጎን አሳየችኝ። እጄን ነጥቄ አባያዬ ላይ ጠረግሁት።

ከቤተ መንግሥቱ አጠገብ የጥንት ልብሳቸውን፣ ሀንቦክ የሚሉትን፣ የሚያከራዩ ሱቆች አሉ። የሚለብሱት ወጣቶችና አገር ጎብኚዎች ናቸው። ገባሁ። ባለቤቷ አየት አደረገችኝና አንድ ደብዘዝ ያለ ሰማያዊ ቀሚስ አመጣችልኝ። አወቅሁት። ትሪ ተሸካሚዋ የምትለብሰው ነው። ምናልባት በልኬ ያለው እሱ ብቻ ነበር፤ ሴትዮዋ ስለ እኔ ምን ታውቃለች? እኔ ግን ራሴን ነቀነቅሁ። መስቀያው ጫፍ ላይ ያለውን፣ በወርቅ ክር የተጠለፈውን ቀይ ሐር አሳየኋት። የንግሥቲቱን። ሳቀች፤ በመርፌ ቁልፍ ከኋላ እያጠበበች አባያዬ ላይ ደርባ አለበሰችኝ።

የቤተ መንግሥቱ በር ላይ አንዲት ተማሪ በስልኬ አነሣችኝ። በጣቷ ከንፈሯን ግራና ቀኝ ጎትታ ፈገግ በይ አለችኝ። ፈገግ አልኩ። የግድ ነበር ልል አልችልም፤ ደስ ብሎኛል። በኋላ ያበሸቀኝም ይኸው ነው። ደስታዬ እውነት ስለነበረ ነው ውሸት ሊሠሩበት የተመቻቸው።

ሆቴል ተመልሼ በሆቴሉ ኢንተርኔት ፎቶውን መካነ ሰላም ላለው ታናሽ ወንድሜ ላክሁት። «ለአባዬ አሳየው፤ ደህና ነች በለው» አልኩት። ከዚያ የተዘጋው በር ሥር፣ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥኩ። አመሻሽ ላይ መጡ። ማዳም እጇ ላይ ፊኛ እንደያዘች ቆማ አየችኝ።

«አንድ ነገር ብትሆኚ ማን ሊጠየቅ ነበር? ነገ ይህን ሁሉ ሻንጣ ማን ሊሸከም ነበር?»

ትልቋ ልጅ ጎንበስ ብላ ልብሴን አሸተተች። «ነጭ ሽንኩርት ትሸታለች። አሳማ ሳትበላ አትቀርም» አለች። አፌን በሳሙና ተጉመጠመጥኩ፤ ልጁን ከመንካቴ በፊት ገላዬን ታጠብኩ። ስልኬን ማዳም ወሰደችው። ከዚያ በኋላ ኮንትራቴ እስኪያልቅ ድረስ የሚሰጠኝ ዓርብ ዓርብ፣ እሷ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር።

ወገቤ ተጎድቶ ወደ አገሬ ተመለስኩ። ቤት ስገባ ፎቶው እስኪደበዝዝ ተለጥጦ፣ ትልቅ ሆኖ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። አባቴ ለመጣ እንግዳ ሁሉ «ልጄ ናት፣ ኮሪያ» ይላል። ልቡን መስበር አልፈለግሁም፤ ዝም አልኩ። ከወገቤ ጋር እየታገልኩ ሳምንታት አለፉ። አንድ ቅዳሜ ወግዲ ያለችው አክስቴ ልጇን አስከትላ ልትጠይቀኝ መጣች። ልጅቷ ዘጠነኛ ክፍል ናት፤ ከክፍሏ አንደኛ ትወጣ ነበር።

«እሷም በሚመጣው ወር ልትሄድ ነው» አለች አክስቴ። «አንቺን የላከሽ ጋሼ ያው እንዳንቺ ጥሩ ቤት አገኝላታለሁ ብሎናል። በሬውን ሸጥነው።»

«እንደኔ ማለት?»

«ኮሪያ ድረስ እያዞሩ የሚያሳዩ ሰዎች ናቸው ብሎ ፎቶሽን አሳየን እኮ። ሐር ለብሰሽ።»

ልጅቷ አንገቷን ደፍታ ፈገግ አለች።

ሰኞ ማለዳ ደላላው ሱቅ ሄድኩ። ባንኮኒው መስታወት ነው፤ ከመስታወቱ ሥር እኔ አለሁ። ፎቶው ከሥሩ ተቆርጧል። ዋናው ላይ ከቀዩ ሐር በታች የአባያዬ ጥቁር ጠርዝ ይታይ ነበር፤ እሱን ነው የቆረጠው። ሁለት ሴቶች ልጆች ሻርፕ እየለኩ ውስጥ ቆመዋል።

«እንዴት አደሩ ጋሼ» አልኩ።

«እግዜር ይመስገን፤ ግቢ እንጂ ልጄ። ወገብሽ እንዴት ሆነ?»

«ይህን ፎቶ ማን ሰጠዎት?»

«አባትሽ ነዋ። ምነው፣ የሚያኮራ ነገር አይደል?»

«ለልጆቹ ምን እያሉ ነው የሚያሳዩዋቸው?»

«እውነቱን። የመካነ ሰላም ልጅ ናት፣ በእኔ በኩል ሄዳ ኮሪያን አየች። ውሸት አለበት?»

«ወለል ላይ እንደተኛሁ ይነግሯቸዋል? ፓስፖርቴ በሰው ቦርሳ እንደነበረ ይነግሯቸዋል?»

«እሱን እኔ በምን አውቃለሁ፤ አብሬሽ አልነበርኩ» ብሎ ሳቀ።

«ያውጡልኝ።»

ፊቱ ተለወጠ። «ሱቄ ውስጥ ምን እንደማስቀምጥ አንቺ አታዥኝም። በእኔ እጅ ሰው ሆነሽ፣ ዛሬ አፍ አወጣሽ?»

«አንተ» አልኩት።

በአባቴ ዕድሜ ያለን ሰው፣ ጋሼ ብዬ ያደግሁትን፣ በሕይወቴ አንተ ብዬ አላውቅም። አንዴ ከወጣ ግን አላቆምኩም። «አንተ ሰው አላደረግኸኝም። ስሜን ቀይረህ፣ ዕድሜዬን ቀይረህ ሸጥኸኝ። አሁን ደግሞ ፎቶዬን ቆርጠህ በእሱ ሌላ ልጅ ትሸጣለህ።» መስታወቱን በሁለት እጄ ወደ ላይ አነሣሁት። ሲወድቅ ከጥግ እስከ ጥግ ተሰነጠቀ። ፎቶዬን አውጥቼ ወጣሁ። ሁለቱ ልጆች ሻርፑን ጥለው ከኋላዬ ወጡ፤ ወዴት እንደሄዱ አላውቅም።

ያኔ ቀበሌው ስለ ሕገ ወጥ ስደት በየጊዜው ስብሰባ ይጠራ ነበር። ሄጄ ለአንዱ ኃላፊ ነገርኩት። «ፎቶ ማሳየት ወንጀል አይደለም» አለኝ። በሚቀጥለው ስብሰባ ደላላው ከፊት ወንበር ተቀምጦ፣ ስደት ይቁም ሲባል አብሮ አጨበጨበ።

ከዚያ ሽማግሌ ተላከብን። አንድ ቄስና አንድ ሼኽ፣ ሁለቱም የሰፈራችን ሰዎች፣ ደላላውን ይዘው አባቴ ቤት መጡ። ጉዳዩ ምን እንደሆነ ቄሱ ተናገሩ፤ ትልቅ ሰው አንተ ብያለሁ፣ ንብረትም ሰብሬያለሁ፣ ጉልበት ስሜ ይቅርታ ልጠይቅ። ስለ ፎቶው አንድ ቃል አልተነሣም። ስለ ወግዲዋ ልጅም አልተነሣም።

ሼኹ «አብሽሪ፤ እስቲ አንቺም ተናገሪ፤ ምን አስቆጣሽ?» አሉኝ።

የዚያን ቀን ውሎዬን በሙሉ ነገርኳቸው። የተዘጋውን በር፣ የዳቦውን ነገር፣ የቀዘቀዘውን ትራፊ፣ ሳሙናውን። ስጨርስ ቄሱ አባቴን አዩና «ታዲያ አገር አየች፣ በላች፣ ለብሳ ተነሣች፣ በሰላም ተመለሰች። ተመስገን ነው እንጂ ምኑ ያስቆጣል?» አሉ።

«አባቴ፣ ይቅርታ እጠይቃለሁ» አልኳቸው ቄሱን። «እሱ አስቀድሞ የላካቸውን ልጆች እናቶች ጉልበት ይሳም። ሲጨርስ ከሁሉም ኋላ እኔ የእሱን እስማለሁ።»

ደላላው ሊናገር ሲነሣ ሼኹ እጃቸውን አነሡ። ቆይተው «ይህ እርቅ አይሆንም። ልጅቷን አናስገድድም» አሉና ጋቢያቸውን ሰብስበው ወጡ። ቄሱና ደላላው ተከተሏቸው። አባቴ እንግዳ ሳይበላ ከቤቱ ሲወጣ አይቶ ስለማያውቅ አንገቱን ደፍቶ ቀረ። እስከ መስቀል ድረስ በወጉ አላናገረኝም። ሰፈሩ እስካሁን ቁጡ ይለኛል። ይበል።

ወግዲ የሄድኩት ከሽማግሌዎቹ በፊት ነው። ልጅቷን ለብቻዋ ወደ ጓሮ ወስጄ ምንም ሳላስቀር ነገርኳት። ዓይኗን ሳትነቅል ሰማችኝ።

«ግን ያን ቀን ብቻሽን ወጥተሽ ዋልሽ፣ አይደል?» አለችኝ።

ከዚያ ሁሉ የሰማችው ይህን ብቻ ነው። በእሷ ዕድሜ ወግዲ ውስጥ ማንም ሴት ልጅ ብቻዋን ወጥታ በገዛ ፈቃዷ የምትውልበት ቀን የላትም። ያን ሰጥተናት ቢሆን ኖሮ ሌላ ቦታ ባልፈለገችው ነበር። በእሷ መናደድ አልቻልኩም፤ ንዴቴ ግን የት እንደሚያርፍ አጥቶ ውስጤ ቀረ።

ደላላዬ ፈርቶ ትቷት ነበር። እሷ ግን በወረኢሉ በኩል ሌላ ደላላ አግኝታ ሄደች። ከወራት በኋላ አክስቴን ልጠይቅ ወግዲ ሄጄ ሳለ ስልኳ ጮኸ። ድምፁን ከፍ አድርጋ ለሁላችንም አሰማችን። «ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ፣ እናንተስ?» አለች ልጅቷ፣ ቶሎ ቶሎ። ከኋላ አንዲት ሴት በዐረብኛ «የት ነሽ አንቺ?» ስትል ሰማሁ። መስመሩ ተቋረጠ።

«ደህና ናት፣ አልሃምዱሊላሂ» አለች አክስቴ፣ ስልኩን ጨርቅ ውስጥ እየጠቀለለች።

ከዚያ ሁሉ ሰው ዐረብኛ የምሰማው እኔ ብቻ ነበርኩ። ለአክስቴ አልተረጎምኩላትም።